ፍቅር ዕውር ነው? ጄን ኤየር ግን በደንብ ታያለች

 ይሄ የዛሬው ክፍል በጽሑፍ ነው። ከመስማት ማንበብ ለሚቀላችሁ፣ ወይም አማርኛ ማንበብ ለምትለማመዱ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። እንደተናገርኩት ነው የተጻፈው፣ ብዙ አልነካካሁትም።

የዛሬው ወሬ ጄን ኤየር ነው። እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ብሮንቴ የጻፈችው ልብ ወለድ ሲሆን መጀመሪያ የታተመው በ1847 ነው። ያን ጊዜ ስሟን ደብቃ ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም ነው ያወጣችው፤ የሴት ድርሰት በሌላ ዓይን ይታይ ስለነበር ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ ስም መረጠች። በዕብራይስጥም ተተርጉሟል፣ ሲፍሪያ ገብታችሁ ጠይቁ። አስቀድሜ ልናገር፣ መጨረሻውንም እነግራችኋለሁ። ከወጣ ወደ 180 ዓመት ሊጠጋ ነውና ስፖይለር ብላችሁ እንዳትቆጡኝ።

በአማርኛ «ፍቅር ዕውር ነው» ይባላል። በዕብራይስጥም ያው ነው፣ አሃቫ ኢቬሬት። የወደደ ሰው ጉድለት አይታየውም፣ ጠማማው ቀጥ ብሎ ይታየዋል ለማለት ነው። ጄን ኤየርንም እንደዚህ የሚያነበው ብዙ ነው፤ መልከ ጥፉ ሰውዬና መልኳ እዚህ ግባ የማይባል ልጅ ተዋደዱ፣ ከዚያ አንዱ ለሌላው ቆንጆ ሆነ፣ አለቀ። እኔ እንደማነበው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምታፈቅረው ጄን ናት፣ ከሁሉም አጥርታ የምታየውም እሷው ናት። ዓይኑ የሚሳሳተው ሌላ ሰው ነው፤ እሱም በፍቅር የነደደ ነው። ሁለቱም ይወዳሉ፣ ሁለቱም ያያሉ፣ የሚያዩት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱ የት ጋ ነው? ዛሬ የምንሄደው እዚያ ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ። ጄን እናትና አባቷ የሞቱባት ልጅ ናት። የአጎቷ ሚስት ቤት ታድጋለች፣ ይጠሏታል፣ ከዚያ ብርድና ረሃብ ያለበት አዳሪ ትምህርት ቤት ትላካለች። በ18 ዓመቷ ቶርንፊልድ የሚባል ትልቅ ቤት ውስጥ የአንዲት ትንሽ ልጅ አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች። የቤቱ ጌታ ሚስተር ሮቸስተር ይባላል፣ በዕድሜ ወደ 20 ዓመት ገደማ ይበልጣታል።

መልክ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፎች ጀምሮ ጉዳይ ነው። ጄን በልጅነቷ ታማ ተኝታ፣ ሁለት የቤት ሠራተኞች ስለሷ ሲያወሩ ትሰማለች። አንደኛዋ ልታዝንላት ትፈልጋለች። ሌላዋ ግን ቆንጆ ልጅ ብትሆን ኖሮ ይታዘንላት ነበር፣ እንደዚህ ዓይነት እንቁራሪት ለምትመስል ልጅ ግን ማን ያዝናል የሚል ነገር ትናገራለች። ከዚያ ስለ ጆርጂያና፣ ስለ ባለ ሰማያዊ ዓይንና ባለ ጥቅል ፀጉሯ የአክስት ልጅ፣ ማድነቅ ይጀምራሉ። አስቡት፤ ርኅራኄ ራሱ በመልክ ነው የሚከፋፈለው። ጥሎሽም ዘመድም ለሌላት ሴት በዚያ ዘመን መልክ ማለት ገንዘብ ማለት ነበር፣ ጄን ደግሞ ያቺንም ገንዘብ አልያዘችም።

ብሮንቴ ይሄን ሆን ብላ ነው ያደረገችው። የሕይወት ታሪኳን በ1857 ያሳተመችው ኤልዛቤት ጋስኬል እንደጻፈችው፣ ሻርሎት እህቶቿ ሁልጊዜ ቆንጆ ባለታሪክ ሲፈጥሩ ተከራከረቻቸው፤ እንደኔው ትንሽና መልክ የሌላት ሴት እፈጥራለሁ፣ እንደናንተዎቹም ትወደዳለች አለች። ውርርድ በሉት።

አሁን ወደ ፍቅሩ። ጄንና ሮቸስተር መጀመሪያ የሚገናኙት በጥር ወር፣ ሊመሽ ሲል፣ በረዶ በያዘ መንገድ ላይ ነው። የሱ ፈረስ ያንሸራትተውና ሁለቱም ይወድቃሉ፣ እግሩ ወለም ይለዋል። ጄን ልርዳዎት ትላለች። እዚህ ላይ ግን የምትነግረን ነገር የሚገርም ነው፤ ሰውዬው መልከ መልካም ጎረምሳ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ቆሜ ለማነጋገር አልደፍርም ነበር ትላለች። ቆንጆ ሰው ለሷ እንደ መብረቅ ነው፣ ታደንቀዋለች፣ ግን ትሸሸዋለች፣ ምክንያቱም እንደሷ ያለች ሰው ከእንደዚያ ካለ ሰው ጋር ምንም የሚያገናኝ የላትም ብላ ታስባለች። ሰውዬው የተኮሳተረና የተቆጣ ስለሆነ ግን ተረጋጋች። ማለትም መልከ ጥፉነቱ ነው በሩን የከፈተው።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ትኩር ብላ ስታየው ይይዛትና መልከ መልካም ነኝ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ሳታስበው አፏ ላይ የመጣላትን ትናገራለች፣ አይደሉም ጌታዬ ትለዋለች። ቀጣሪዋ ነው እኮ! እንጀራዋ በሱ እጅ ነው። እኛ ሀገር ብትሆን፣ ማለቴ ወላጆቻችን በተወለዱበት፣ እንኳን ቀጣሪን ታላቅ ወንድምን እንደዚያ መመለስ ነውር ነው። እሱ ግን አልተቆጣም፣ ወደዳት። ከፍቅራቸው በፊት በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ነገር ይሄ ነው፤ እሷ ስለ ፊቱ አትዋሸውም።

ታዲያ ፊቱ መቼ ተለወጠ? አልተለወጠም። ብሮንቴ እዚህ ጋ በጣም ጠንቃቃ ናት። ወራት ያልፋሉ፣ ማታ ማታ እየጠራ ያወራታል፣ ስላየው ዓለም ይነግራታል፣ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ሰው ይሰማታል። ለጄን ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በ18 ዓመት ዕድሜዋ ከሷ ጋር እኩል ቁጭ ብሎ ያወራ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያ አሁንም አስቀያሚ ነው ወይ ብላ ራሷን ትጠይቅና አይደለም ትላለች። ምክንያቱን ደግሞ ትዘረዝራለች፤ ምስጋናና ብዙ ጥሩ ትዝታ ተያይዘውበት ፊቱን ማየት የምትወደው ነገር ሆነ፣ እሱ ያለበት ክፍል ከእሳት የበለጠ ይሞቃታል። ወዲያው ግን ጥፋቱን አልረሳሁም ትላለች፤ ኩሩ ነው፣ ሌላውን ይንቃል፣ ስሜቱ ይለዋወጣል። ዕውር ሰው እንደዚህ አይዘረዝርም።

ቀጥሎ ትልቁ ፈተና ይመጣል። ብላንች ኢንግራም ስለምትባል ቆንጆ እመቤት ይወራል። ጄን ገና ሳታያት፣ ስለሷ የሰማችውን ብቻ ይዛ ሁለት ሥዕል ትሥላለች። አንዱ የራሷ ነው፣ ከመስታወት እያየች፣ አንድም ጉድለት ሳታለሳልስ። ሌላው የብላንች ነው፣ በዝሆን ጥርስ ላይ፣ በምርጥ ቀለም፣ የቻለችውን ያህል አሳምራ። ራሷን ለማስታመም ነው ይሄን የምታደርገው፤ ልቧ ተስፋ ሲያደርግ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ልታይ። በዛሬው ቋንቋ አንደኛውን ያለ ፊልተር፣ ሌላውን በፊልተር። እኔ በግሌ ይሄ ሥፍራ ትንሽ ያመኛል፣ ስልኬን ይዤ የሌላ ሰው ፎቶ ሳይ የማደርገውን ነው የምታደርገው።

ቶርንፊልድ ውስጥ የሀብታሞች ግብዣ ሆኖ እንግዶቹ ሲመጡ ጄን መጋረጃ ጥግ ተቀምጣ ሮቸስተርን ታየዋለች። ከሱ ጋር ሌሎች ወንዶች አሉ፣ ሁሉም ከሱ ይበልጥ መልከ መልካም ናቸው፣ ይሄንንም በግልጽ ታምናለች። የሱን ፊት ቁርጥ በቁርጥ ትናገራለች፤ ደም የሌለው ጠይም ፊት፣ አራት ማዕዘን የሆነ ከባድ ግንባር፣ ሰፊ ጥቁር ቅንድብ፣ ጨከን ያለ አፍ። በደንቡ መሠረት ውበት አይባልም ትላለች። ለሷ ግን ከውበትም በላይ ነው። ልብ በሉ፣ መልከ መልካም ሆነ አላለችም። ሁለት መስፈሪያ ነው የያዘችው፣ አንዱ የዓለም፣ አንዱ የሷ፤ ሁለቱንም አልጣለችም። ቁንጅና በተመልካቹ ዓይን ነው የሚለውን የታወቀ ነገር እሷም ትጠቅሳለች፣ ግን እንዴት ዓይኑ ውስጥ እንደገባ፣ ቀን በቀን፣ ወሬ በወሬ፣ ስንት ገጽ ሙሉ አሳይታናለች።

ብሮንቴ ይሄን ከሕይወቷ የምታውቀው ይመስለኛል። በ1842 ብራስልስ ሄዳ ስትማር ኮንስታንታን ኤዤ የሚባል ባለትዳር መምህር ነበራት። ስለሱ ለጓደኛዋ መጀመሪያ ስትጽፍ ትንሽ፣ ጥቁር፣ አስቀያሚ ሰውዬ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የሚለዋወጥ ብላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሳ መልስ እየለመነች ትጽፍለት ነበር። አራቱ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ፤ ሦስቱ ተቀድደው እንደገና የተጠገኑ ናቸው። ፊቱ የሚለዋወጥ የሚለውን ያዙልኝ። የሮቸስተርም ፊት እንደዚያ ነው፣ ጄንም የምትወደው አጥንቱን ሳይሆን እንቅስቃሴውን ነው።

ለማነጻጸር ደግሞ ሴንት ጆን ሪቨርስ አለ። ይሄኛው ቄስ ነው፣ ወጣት ነው፣ እንደ ግሪክ ሐውልት ነው የተቀረጸው፤ ሰማያዊ ዓይን፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ነጭ ግንባር። በደንቡ መሠረት መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ወንዶች ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው። ጄንን አግቢኝና ሚስዮናዊ ሆነን ህንድ እንሂድ ይላታል፣ ግን ለፍቅር ሳይሆን ለሥራ የተፈጠርሽ ነሽ ብሎ ነው የሚነግራት። ፊቱ ለጄን እንደ ዕብነ በረድ ቀዝቅዞ ይቀራል። ቁንጅናውን አልካደችም፣ አላሞቃትም ብቻ።

አሁን ግን ወደ ሮቸስተር ዓይን እንምጣ፣ ለኔ ዋናው ይሄ ነው።

ሊያገባት ጠይቋት እሺ ባለችው ማግስት ጠዋት ሮቸስተር ያያትና ያደንቃታል። አበበሽ፣ ቆንጆ ሆነሻል፣ ጉንጭሽ፣ ከንፈርሽ፣ ፀጉርሽ፣ ቡናማ ዓይንሽ እያለ። ጄን እዚያው ወደ እኛ ዞር ትልና ዓይኔ እኮ አረንጓዴ ነው፣ ለሱ ግን አዲስ ቀለም ሳይነከር አልቀረም ትላለች። በጣም ያስቃል፣ ትንሽም ያስፈራል። ሊያገባት ነው፣ የዓይኗን ቀለም አያውቅም!

ከዚያ ይብሳል። ለንደን ካለው ባንክ የቤተሰቡን ጌጥ አስመጣለሁ፣ አንገትሽ ላይ አልማዝ አስራለሁ፣ ዓለም ሁሉ ቆንጆ እንደሆንሽ እንዲያይ አደርጋለሁ ይላል። ሐር ልብስ ሊገዛላት ሱቅ ይወስዳታል፣ የሚያብለጨልጭ ወይን ጠጅና ሮዝ ይመርጣል፤ እሷ ተከራክራ ጥቁርና ግራጫ ታደርገዋለች። ጌጡን እንቢ ትላለች፣ ያኔ አያውቁኝም፣ ጄን ኤየር መሆኔ ይቀራል፣ የሰው ላባ እንደለበሰች ወፍ እሆናለሁ ብላ። በልቧም የሚረብሻት አለ፤ ይሄ ሰው ሲያሳምራት የሚያያት እሷን አይደለም።

ይሄን ክፍል ስናነብ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር ይመጣብናል ብዬ አስባለሁ። «ለኢትዮጵያዊት በጣም ቆንጆ ነሽ» የተባለች አለች። «እኔ እንደ ኢትዮጵያዊ አላይህም» ተብሎ የተነገረው አለ፣ ያውም በፍቅር፣ ያውም እንደ ስጦታ። ተናጋሪው ክፉ አይደለም። ግን ዓይንሽ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቡናማ ነው ብሎሻል። እኛም ዘንድ ችግሩ አለ፤ ሰርግ ላይ ተቀምጠው ሙሽራዋን ቀይ ናት፣ ጠይም ናት፣ አፍንጫዋ ሰልካካ ነው እያሉ የሚመዝኑ አክስቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሮቸስተር ለምን እንደዚህ እንደሚያይ መልሱ ፎቅ ላይ ተቆልፏል። ሰርጋቸው ቀን ሚስት እንዳለው ይታወቃል። በርታ ሜሰን ትባላለች፣ ከጃማይካ ናት፣ አእምሮዋ ታውኳል ተብሎ ቶርንፊልድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዓመታት ተቆልፎባታል። ሮቸስተር ራሱ ሲተርክ ስፓኒሽ ታውን በምትባለው ከተማ በቁንጅናዋ የተመሰገነች፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ግርማ ያላት ነበረች ይላል። 30,000 ፓውንድ ጥሎሽ ነበራት፣ አባቱና ወንድሙ ለገንዘቡ ሲሉ ነገሩን አመቻቹ፣ እሱ ደግሞ ዓይኑ ፈዞ አገባ፤ ብቻዋን ተቀምጠው እንኳን በቅጡ አላወሩም ነበር። ከጄን ጋር ያለውን አስታውሱ፤ እዚያ ወሬ ቀደመ፣ ፊት ተከተለ። እዚህ ፊት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ግን መጽሐፉን እቃወመዋለሁ። ጄን በርታን መጀመሪያ የምታያት ከሰርጉ ሁለት ሌሊት ቀድሞ፣ በመስታወት ውስጥ ነው፤ ያበጠ፣ የጠቆረ፣ የሚያስፈራ ፊት። ሮቸስተር ደግሞ ሰርጉ ሲቋረጥ ሰዎቹን ሁሉ ይዞ ፎቅ ይወጣና ጄንንና በርታን ጎን ለጎን እዩ፣ ዓይናቸውን አወዳድሩ፣ ከዚያ ፍረዱብኝ ይላል። ያቺ ጄን የሠራቻቸው ሁለት ሥዕሎች መጡ እንግዲህ፣ አሁን ግን በሰው ላይ። ፍቅር መስፈሪያውን ይለውጣል ያለን መጽሐፍ ለአንዲት ሴት ብቻ አሮጌውን መስፈሪያ ያወጣል። ሌላ ሰው ሁሉ፣ ጨካኟ የአጎት ሚስት ሳትቀር፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቀረብ ተብሎ ይታያል። በርታን ቀርቦ ያናገራት የለም፣ አንዲት ቃል የላትም። እናቷ ክሪዮል ናት ይባላል፤ ቃሉ ያን ጊዜ ካሪቢያን ለተወለደ ነጭም ለድብልቅም ይባል ነበር፣ መጽሐፉ አይለይም። ግን ስትጠላ ፊቷ እየጠቆረ እንደሚጻፍ ማየት አያቅትም። ዶሚኒካ የተወለደችው ጂን ሪስ ይሄ ስላናደዳት በ1966 የበርታን ታሪክ ከራሷ በኩል የጻፈችው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር ይባላል።

ወደ መጨረሻው። ጄን ትታው ትሄዳለች። ስትመለስ ቶርንፊልድ ተቃጥሏል፣ በርታ ሞታለች፣ ሮቸስተር ከእሳቱ ሰው ሲያወጣ አንድ እጁን አጥቷል፣ ዓይኑም ጠፍቷል። ፈርንዲን በሚባል ጫካ ውስጥ ያለ ቤት ተቀምጧል። ፍቅር ዕውር ነው ለሚሉ ይሄ ጥሩ ቀልድ ነው፤ አሁን በእውነት ዕውር ሆነ። የሚያየው መልክ የለም፣ የሚገዛው ሐርም የለም። ድምጿንና ጣቶቿን ነው የሚለያት።

አስቀያሚ ሆኛለሁ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ያኔ ማታ እሳት ዳር የጠየቃት ነው፣ ተገልብጦ። እሷም በጣም፣ ድሮም እንደዚያ ነበሩ እኮ ትለዋለች። ከዚያ ማበጠሪያ ይዛ የተጠላለፈ ፀጉሩን ታበጥርለታለች። ይሄንን ከአልማዙ ጋር አወዳድሩት። እሱ ሲወዳት ሌላ ሴት ሊያደርጋት ፈለገ፤ እሷ ስትወደው አስቀያሚ ነህ አለችውና ፀጉሩን አበጠረች። ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የፍቅር ቦታው ይሄ ነው፣ ከጋብቻ ጥያቄውም ይበልጣል።

ብሮንቴ ራሷ ግን በዚህ የተጽናናች አይመስለኝም። አሳታሚዋ ጆርጅ ስሚዝ በስተርጅናው ስለሷ ሲጽፍ፣ ቆንጆ ለመሆን ብላ ያላትን ተሰጥኦና ዝና ሁሉ በሰጠች ነበር ብሏል። እሱ ነው ያለው፣ እሷ አላለችም። ለጄን የሰጠቻትን ዓይን ለራሷ ማግኘት ቀላል እንዳልነበረ ግን መገመት ይቻላል።

ተጋብተው ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የሮቸስተር አንድ ዓይን ቀስ በቀስ ማየት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚለየው አንገቷ ላይ ያለውን የወርቅ ሰንሰለትና የለበሰችውን ቀለል ያለ ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ልክ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃታል፣ አዎ ትለዋለች። ቀለሙን በትክክል አየ፣ ጠይቆም አረጋገጠ።

በሚቀጥለው ክፍል ከበርታ ጋር ነን፣ የጂን ሪስን መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ። ከቻላችሁ ቀድማችሁ አንብቡት፣ ትንሽ መጽሐፍ ነው፣ በሁለት ሻባት ያልቃል። ለሂትራኦት፣ ደህና ሁኑ።